ከመቅጠራችሁ በፊት ፋይሉን አስከፍቱ

ደሴ ላይ ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችና በላፕቶፕ ሥራ ለሚተዳደሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።

እንደምን ዋላችሁ? ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ደሴ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዳራሹን ሳየው ግማሹ ቀጣሪ ነው። ሆቴል ያለው አለ፣ ክሊኒክ ያለው አለ፣ ልብስ የሚያሰፋ አለ፣ ቡና ቆልቶ አሽጎ የሚሸጥ አለ። ግማሹ ደግሞ ተቀጣሪ ነው። ሎጎ የሚሠራ፣ ዌብሳይት የሚሠራ፣ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ፣ የሚተረጉም። አንድ ላይ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል፤ የማወራው ነገር ሁለታችሁንም ይነካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ በቴሌግራም ሥራዎቹን ይልክላችኋል። ያምራሉ። ዋጋውም ደህና ነው። ቀብድ በቴሌብር ትልካላችሁ። ከዚያ የሚመጣላችሁ ሥራ ካያችሁት ጋር አይገናኝም። አንዳንዴ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ሥራው ያምራል፣ ታፔላው ይሰቀላል፣ ካርቶኑ ይታተማል፣ ከዚያ በኋላ ሎጎው የሌላ አገር ድርጅት ሆኖ ይገኛል። አንድ የማውቃቸው የኮምቦልቻ ነጋዴ ይህ ደርሶባቸዋል። የሚያሽጉት ምርት ላይ የሚለጠፍ ምልክት አሠሩ፣ በብዛት አሳተሙ፣ ዕቃው ሱቅ ገባ። የእህታቸው ልጅ ያንኑ ምልክት ኢንተርኔት ላይ በሌላ ስም አገኘው። የታተመው በሙሉ ተጣለ። ዲዛይነሩ ስልክ አያነሳም። ፊት ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው የምግብ ቤቱም፣ የጭነቱም፣ የልብሱም ሥራ ስም፣ መለያና ገጽ ይፈልጋል። ደሴም እንደዚያው ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ግን ጎረቤታችሁ ላይሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ይሆናል፣ ፊቱንም አይታችሁት አታውቁም። በዚህ ሁኔታ ማጣራት እንደ ክፋት መታየት የለበትም። በሙያው የሚኖረውን ልጅም የሚጠብቀው ማጣራት ነው፤ ሌባው የእሱን እንጀራ ነው የሚበላው።

ቤት ልታሠሩ ግንበኛ ስትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትዋዋሉም። የሠራውን ቤት ሄዳችሁ ታያላችሁ። ግድግዳውን በእጃችሁ ትዳስሳላችሁ። ባለቤቱን "ክረምት ላይ አላፈሰሰም? በቀጠሮው ጨረሰላችሁ? መሠረቱን እሱ ራሱ ነው ያወጣው ወይስ ሌላ ሰው?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ጦሳ ሥር ቁልቁለት ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ሥራው በኮምፒውተር ሲሆን ግን ያን ሁሉ ልማዳችንን እንረሳዋለን። "እኔ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ" እንላለን። አብሽሩ፤ ማጣራቱ የሚጠይቀው በአብዛኛው የኮምፒውተር እውቀት አይደለም።

ሥራ ሲላክላችሁ ሦስት ነገር ነው ማወቅ የምትፈልጉት። ይህ ሥራ በእርግጥ ለደንበኛ ተሠርቷል ወይ? የሠራው ይህ ሰው ነው ወይ? ለእኔስ እንደዚያው አድርጎ መሥራት ይችላል ወይ? ብዙ ሰው ሦስቱን ያምታታቸዋል። ታፔላው ፒያሳ ላይ ቆሞ ስላየው ብቻ ልጁን ያምናል። ታፔላው እውነተኛ ነው፤ ሠሪው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ሠሪው እሱ ቢሆንም እንኳ ሐሳቡን ያመጣውና የሳለው ሌላ ሰው፣ እሱ ያሳተመው ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንዲያውም ሙሉ በሙሉ የተሰረቀ ሥራ ከምታስቡት ያነሰ ነው። ዲዛይነሮች ሥራቸውን በሚያሳዩባቸው ገጾች፣ ቢሄንስ ላይ ወይም ድሪብል ላይ፣ የሌላ አገር ዲዛይነር የለጠፈውን አውርዶ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ አለ፣ አይካድም። ከዚያ የሚበዛው ግን ከፍሪፒክ ወይም ከካንቫ ቴምፕሌት፣ ማለትም ለማንም የተዘጋጀ ዲዛይን፣ ወስዶ ስሙን ብቻ የቀየረ ነው። በቡድን የተሠራን ሥራ "የእኔ" የሚልም አለ። ማንም ሳያዝዘው ለትልቅ ኩባንያ ሎጎ ስሎ እንደ ደንበኛ የሚቆጥርም አለ። ይህ የመጨረሻው ለልምምድ ከሆነ ምንም ነውር የለውም፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ግን "ለልምምድ የተሠራ" ተብሎ ይጻፍበት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላሉ አባቶቻችን። ያልገደለ ሰው ጎፈሬ ማበጠሩ ነው ችግሩ።

ሞክአፕ የሚባለውን ነገር ልብ በሉልኝ። ቲሸርት ላይ፣ ኩባያ ላይ፣ አደባባይ ላይ በቆመ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ሎጎው ተለጥፎ ታያላችሁ። እውነተኛ ይመስላል። ግን የተዘጋጀ ፎቶ ነው፤ ማንኛውም ሥዕል ሲገባበት ራሱ ይለጥፈዋል። ሰሌዳው የቆመበትን መንገድ አስተውሉ። ሕንፃው፣ የመኪናው ታርጋ፣ የእግረኛ መንገዱ የእኛ አገር ነው? ዲዛይነሮች ሁሉ ሞክአፕ ይጠቀማሉ፤ መጠቀሙ ጥፋት አይደለም። ግን ሞክአፕ የአንድ ሥራ መኖር ማስረጃ አይሆንም። "የታተመውን፣ የተሰቀለውን በስልክ ያነሳኸው ፎቶ አለህ?" በሉት። የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ አለው። የመጀመሪያ ታፔላው ሲሰቀል ሥሩ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ ዲዛይነር የት ይገኛል!

አሁን በስልካችሁ ልታደርጉት ወደምትችሉት ልግባ። የላከላችሁን ሥዕል በጉግል ሌንስ፣ ማለትም በቃል ሳይሆን በሥዕል በሚፈልገው፣ ፈልጉት። ቲንአይ የሚባልም አለ፤ ሥዕሉ የት የት እንደተለጠፈ ያሳያል፣ ውጤቱንም ከጥንቱ ጀምሮ ደርድርልኝ ብትሉት ይደረድራል። ካልተገኘ ሥዕሉን አዙራችሁ፣ ማለትም ግራውን ቀኝ አድርጋችሁ፣ ወይም ከመሐል ሎጎውን ብቻ ቆርጣችሁ እንደገና ሞክሩ። የሚሰርቅ ሰው ይህን ዘዴ ስለሚያውቅ ቀለም ይቀይራል፣ ይገለብጣል።

ዌብሳይት ከሆነ ገጹን በኮምፒውተር ከፍታችሁ ኮዱን እዩ፤ ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ የተሠራ ከሆነ የተጠቀመበት ቴም፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀው የገጽ መልክ፣ ስሙ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ቴም ገዝቶ ማስተካከል ሥራ ነው፣ እኔ አልንቀውም። "ከዜሮ ጀምሬ ነው የሠራሁት" ካላችሁና ቴም ሆኖ ከተገኘ ግን ዋሽቷችኋል። ዌይባክ ማሽን የሚባለው የኢንተርኔት ማኅደርም ገጹ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያሳያችኋል፤ ልጁ "በዚህ ዓመት እኔ ቀየርኩት" ያለው ገጽ በእርግጥ በዚያ ዓመት ተቀይሮ እንደሆነ ታያላችሁ። የስልክ አፕ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ላይ የማን ስም እንዳለ ተመልከቱ። የሌላ ድርጅት ስም ቢሆን አትደንግጡ፤ ተቀጥሮ የሠራው ሊሆን ይችላል። ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው።

ጊትሃብን፣ ኮድ ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትን ገጽ፣ ለምታውቁ አንድ ነገር ልበል። ፕሮጀክቱ ከሌላ ሰው የተቀዳ ከሆነ ጊትሃብ ራሱ "ከዚህ የተወሰደ" ብሎ ይጽፍበታል። ግን አውርዶ እንደ አዲስ የጫነው ሰው ይህ አይታይበትም። የዚያን ጊዜ የለውጦቹን ታሪክ እዩ። በሐቅ የተሠራ ፕሮጀክት ትንሽ በትንሽ ነው የሚያድገው፤ ስህተት አለው፣ ማስተካከያ አለው፣ አንድ ቀን ተጨምሮ በማግስቱ የተሰረዘ ነገር አለው። ሺህ መስመር ኮድ ባንድ ጊዜ ገብቶ ከዚያ ወዲህ ዝም ካለ ጠይቁ። ደግሞ ታሪኩ ያምራል ብላችሁ ብቻ እንዳታምኑ፤ ጊት በሚባለው የለውጥ መመዝገቢያ ላይ የሠሪውን ስምም ቀኑንም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሥዕሉን ፈልጋችሁ ቢሄንስ ላይ አገኛችሁት እንበል። "ያዝኩት!" እንዳትሉ። ገጹ የራሱ የልጁ ሊሆን ይችላል። ስሙ በእንግሊዝኛ ሌላ ሆኖ ይሆናል፤ ብዙ ልጆች የውጭ ደንበኛ ለማግኘት እንደዚያ ያደርጋሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው። "ገጽህ ላይ፣ ስለ ራስህ የጻፍክበት ቦታ፣ ሐረጎ የሚል ቃል ጨምርልኝና ልየው" በሉት። የገጹ ባለቤት ከሆነ ደቂቃ አይፈጅበትም። ካልሆነ ግን ምክንያቱ ይበዛል፤ ፓስወርዱ ጠፋ፣ ኔትወርኩ እምቢ አለ፣ ነገ አደርገዋለሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

ይህ ሁሉ ግን በር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ዋናው ቁጭ ብሎ ፋይሉን ማስከፈት ነው። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁ። ያለቀ ሥራ ማንም ሊያሳያችሁ ይችላል። የተሠራበትን መንገድ ማሳየት የሚችለው የሠራው ብቻ ነው።

ሁለት ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ፋይል ሲከፍቱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለቱም የቡና ማሸጊያ ዲዛይን ነው ያቀረቡት። ሁለቱም ያምራል። የመጀመሪያው ኢለስትሬተር የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ከፈተ። ፋይሉ ውስጥ ያለው አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። "ቡና የሚለውን ቃል ብቻ ትንሽ አሳድገው" አልኩት። መዳፊቱን ወዲያ ወዲህ አደረገ፤ ቃሉ ከሥዕሉ አይለይም። የሁለተኛዋ ልጅ ፋይል ሲከፈት ጭራሽ የሚያስጠላ ነገር መጣ። አማርኛው በሙሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ተበታተነ። እሷ ግን ምንም አልደነገጠችም። "ይሄ ኮምፒውተር ፎንቱ የለውም፤ የድሮ ቪዥዋል ግዕዝ ነው የተጠቀምኩት፣ ደንበኛው የቆየ መለያቸው በእሱ ስለተጻፈ እንዳይቀየር ብለው ነው" አለች። ከፍላሿ ፎንቱን ጫነች። ፊደሉ ተመለሰ። ከዲዛይኑ ጎን፣ ከገጹ ውጭ፣ የጣለቻቸው ሌሎች ሙከራዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ ጀበና አለ፣ አንዱ ላይ የቡና ቅርንጫፍ። "ጀበናውን ለምን ተውሽው?" ስላት "በትንሹ ሲታተም ጆሮው ይጠፋል" አለች። በቃ። የቀረውን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የወደቁት ሙከራዎች ከአለቀው ሥራ ይበልጥ ይናገራሉ። ለፎቶ አንሺም ያው ነው። ሰርግ ያነሳ ሰው የዚያችን ቆንጆ ፎቶ ጎረቤቶች ማሳየት ይችላል፤ ከሷ በፊት ሙሽራዋ ዓይኗን የጨፈነችበትን፣ ከሷ በኋላ ሚዜው እጁን ያስገባበትን። የሰረቀ ሰው ያለው ያቺው አንዷ ብቻ ናት። ፎቶውን ስታስልኩ ደግሞ በፋይል መልክ ይላክ በሉ። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲልከው ስለሚጨመቅ መቼና በምን ካሜራ እንደተነሳ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፤ በፋይል ከተላከ ይቀራል። ለቪዲዮ ኤዲተር ፕሮጀክቱን ራሱን አስከፍቱት፣ ድምፁ ለብቻ፣ ሥዕሉ ለብቻ፣ የተቆረጠው ሁሉ ይታያል። ለተርጓሚ ነገሩ ይለያል፤ አንድ አንቀጽ ስጡትና አጠገባችሁ ይተርጉም፣ ከዚያ ለምን ያን ቃል እንደመረጠ ይንገራችሁ።

ልጁ ሩቅ ከሆነ በቪዲዮ ስልክ ስክሪኑን ያጋራችሁ። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ይሞከር። ትንሽ ለውጥ እዚያው እናንተ እያያችሁ ያድርግ፤ ከባድ ነገር አትዘዙት። ቀለሙን ይቀይር፣ ስልክ ቁጥሩን ያስተካክል። ኮድ ለሚጽፍ ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን ከኮዱ ላይ ያሳያችሁ፤ ያን መስመር ቢያጠፋው ምን እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይንገራችሁ፣ ከዚያ ያጥፋውና እዩ።

ስትጠይቁም "ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?" አትበሉ። መልሱ "አዎ" ነው፤ ምንም አትማሩበትም። "ከዚህ ውስጥ አንተ ያልሠራኸው የቱ ነው?" በሉ። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። እውነተኛ ሠራተኛ ቶሎ ይመልሳል፤ "ፎቶዎቹ የደንበኛው ናቸው፣ ጽሑፉንም ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ፣ አይኮኖቹን ገዝቻቸው ነው" ይላል። ሁሉም የእኔ ነው የሚል ሰው ያሠጋኛል። ደንበኛው ምኑን አልወደደውም? ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ? ዛሬ ብትሠራው ምኑን ትቀይረዋለህ? እነዚህን ጥያቄዎች ጻፏቸውና ለመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስለ ቅጥር መመዘኛዎች የተሠሩ የቆዩ ጥናቶችን እንደገና ሲመረምሩ፣ የሰውን የወደፊት ሥራ ከሁሉ በተሻለ ሲተነብይ ያገኙት ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ በተመሳሳይ መለኪያ የሚመዘንበትን ቃለ መጠይቅ ነው። ከአንዱ ጋር ስለ ኳስ፣ ከሌላው ጋር ስለ ሥራ እያወሩ ማወዳደር አይሆንም።

ከዚያ የቀድሞ ደንበኛውን ጠይቁ። ግን እሱ በሰጣችሁ ስልክ ብቻ አትደውሉ፤ ስልኩን የሚያነሳው ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ከሆቴሉ ታፔላ ወይም ከድርጅቱ ገጽ ቁጥሩን ራሳችሁ አግኙ። ደሴ ውስጥ ከሆነማ ምን ስልክ ያስፈልጋል፤ ሰኞ ገበያ ስትሄዱ ጎራ በሉ። "ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ስለ ሰው ክፉ መናገር አይወድም። "የትኛውን ክፍል ነው የሠራላችሁ? እንደገና ሥራ ቢኖራችሁ ትሰጡታላችሁ?" በሉ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዝም ካሉ፣ ዝምታውንም ስሙት።

አሁን ደግሞ ለቀጣሪዎች አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ስለ 2014 ነው። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ቢሮ፣ ስንቱ ሱቅ እንደተዘረፈ እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። ላፕቶፕ ሄዷል፣ ሃርድ ዲስክ ሄዷል። ስለዚህ የዚህ ከተማ ልጅ "የድሮ ፋይሎቼ በ2014 ጠፉብኝ" ሲላችሁ ሰበብ ነው ብላችሁ አትሳቁበት። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ግን ሁሉም ነገር አይጠፋም። ቴሌግራም መልእክትና ፋይል የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልኩ ቢሰረቅም ከደንበኛው ጋር የተላላከው ይገኛል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ፣ "ቀዩን ትንሽ ቀንሰው" የሚለው መልእክት፣ ከነቀኑ። ኢሜይልም እንደዚያው። ማተሚያ ቤቱም ቅጂ አስቀርቶ ይሆናል። ልጁን "ምን ቀረህ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሠራ ሰው የሆነ ቦታ ፈለግ ይተዋል።

ሙከራ ሥራ ስጡ። ትንሽ፣ እውነተኛ፣ ደግሞም የሚከፈልበት። በነፃ አታሠሩ! ይህን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ለአምስት ልጅ "ሎጎ ሠርታችሁ አምጡ፣ የወደድኩትን እከፍላለሁ" ማለት የአራቱን ልጆች ድካም መብላት ነው። ከዚያም ብሶ ያልከፈሉበትን ሐሳብ ለሌላ ሰጥቶ የሚያሠራ አለ፤ ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሜኑ ልታሠሩ ከሆነ አንድ ገጹን በተመጣጣኝ ዋጋ አሠሩ። ዌብሳይት ከሆነ አንዷን ገጽ። ገንዘቡን ሲጨርስ ወዲያው ላኩለት። በዚያ ትንሽ ሥራ ውስጥ ሰዓት ማክበሩን፣ ሲነገረው መስማቱን፣ ጥያቄ መጠየቁን ሁሉ ታያላችሁ።

ውሉ ላይ ብዙ አልቆይም። በጽሑፍ ይሁን። ሥራው የራሱ መሆኑን፣ ከሌላ የወሰደው ካለ ምን እንደሆነ፣ ኦሪጅናል ፋይሉን እንደሚያስረክብ ይጻፍ። ክፍያው በደረጃ ይሁን። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሥራ ባይመዘገብም ጥበቃ አለው። ሎጎውን የሰረቀው ዲዛይነሩ ቢሆንም፣ አትሞ ገበያ ያወጣው ድርጅታችሁ ስለሆነ ባለመብቱ መጀመሪያ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው።

እናንተ ወጣቶቹ፣ ይህን ሁሉ ስሰብክ ፊታችሁ ሲጨልም አይቻለሁ። ስማኝ ወንድሜ፣ ስሚኝ እህቴ፤ ይህ ለእናንተ ጥቅም ነው። እያንዳንዱ ሥራችሁ ሥር ሁለት መስመር ጻፉ። ለማን፣ መቼ፣ የእኔ ድርሻ ይህ ነው፣ የቀረው የእነ እገሌ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማራችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ የቡድን ነው፤ "ዳታቤዙን እኔ፣ ገጹን ጓደኛዬ" ብሎ መጻፍ አያሳንሳችሁም። እኔ እንደዚያ የጻፈውን ልጅ ነው ቀድሜ የምጠራው። ረቂቅ አትጣሉ። አንድ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ። ታፔላው ሲሰቀል ፎቶ አንሱ። ደንበኛው ደስ ባለው ቀን ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ለምኑት፤ በማግስቱ ይረሳዋል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ የተወሰኑትን እዚህ ላስገባ።

አንድ እናት፣ ምግብ ቤት ያላቸው፣ "ልጄ፣ እኔ ፋይሉ ቢከፈትስ ምን አይቼ ነው የምለየው?" አሉ። እማማ፣ እርስዎ ስለ ፋይሉ ማወቅ የለብዎትም፤ ምግብ ቤትዎን ያውቃሉ። "ይህችን ዋጋ ቀይርልኝ፣ ጥብሱን ከላይ አድርግልኝ" ይበሉት። እጁ ሲሠራ ይመልከቱ። የለመደ እጅና ያልለመደ እጅ ለመለየት ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ? ከቻሉ ደግሞ አንድ የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ አጠገብዎ ያስቀምጡ።

አንድ ልጅ ደግሞ "የሠራሁት ለድርጅት ነው፣ ላላሳይ ፈርሜያለሁ፤ ታዲያ ምን ላሳይ?" አለ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀጣሪዎችም ስሙ፤ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ነገ የእናንተንም ይጠብቃል። ድርጅቱን ፈቃድ ጠይቅ፤ ስሙን ሸፍነህ በአካል እንድታሳይ ሊፈቅዱልህ ይችላሉ። ካልፈቀዱ ሥራውን ሳታሳይ ችግሩን ተናገር፤ ምን ዓይነት ችግር ነበር፣ እንዴት ፈታኸው። ከዚያ ያንኑ የሚመስል ትንሽ ነገር የራስህ አድርገህ ሥራ።

ስለ ኤአይም፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ተጠይቄያለሁ። ለእኔ ኤአይ መሣሪያ ነው። በኤአይ ሠርቶ "በኤአይ ነው" ካለ ችግር የለብኝም። ግን አማርኛ ያለበትን ሥዕል ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሥዕል የሚሠሩት ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል ላይ ሲንገዳገዱ ኖረዋል፤ "ሀ" የሚመስል ግን "ሀ" ያልሆነ፣ እግር የተጨመረበት "ለ"፣ የትም የሌለ ፊደል ይጽፋሉ። እየተሻሻሉ ስለሆነ በዚህ ብቻ አትመኩ። ያው ነው መፍትሔው፤ ፋይሉን አስከፍቱት፣ አንድ ነገር አስቀይሩት።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ሱቅ ባለቤት ነበር። "የሌላ ሰው ሥራ ያቀረበልኝን ይዤዋለሁ፤ ስሙንና ፎቶውን ግሩፕ ላይ ልልቀቀው?" አለ። አትልቀቀው። መጀመሪያ ራሱን ጠይቀው፤ ሥራውን ከነሊንኩ አሳየውና "አስረዳኝ" በለው። የቡድን ሥራ ሊሆን ይችላል። ደሴ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ከተማ ነው፤ ተሳስተህ ያጠፋኸው ስም አይመለስም። ሌብነቱ ግልጽ ከሆነ አትቅጠረው፣ ምክንያቱንም ለብቻው ንገረው፣ ለሥራው እውነተኛ ባለቤትም መልእክት ላክለት። ገንዘብ ወስዶብህ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ውሉን፣ የቴሌብር ደረሰኙንና የተላላካችሁትን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተላላካችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ልታናግረው ከመደወልህ በፊት የኮምፒውተሩን ቴሌግራም ከፍተህ ንግግሩን በሙሉ አውርደህ አስቀምጥ፤ ኮምፒውተር ከሌለህ ደግሞ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምረህ ቀኑ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት አንሳ።